«ትንሽ ማስተካከያ ናት» ብዬ የለቀቅኳት ቨርዥን የሰው ፕሮጀክት ሰበረች፤ እናንተ ዲፔንደንቶችን (ላይብረሪያችሁን ሚጠቀሙ ፓኬጆችን) እንዴት ነው ምትቴስቱት?

ሌሊት_ሪሊዝ

ሰላም ወገን። ትናንት ማታ ያረኩትን ልንገራችሁና ከዛ ትሰድቡኛላችሁ። አንድ ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ አለችኝ፣ ስራዋ የጊዜ ርዝመት ማንበብ ነው፣ «2 ሰዓት ከ30 ደቂቃ» አይነት ጽሁፍ ትሰጧታላችሁ 9000 ሰከንድ ብላ ትመልሳለች፣ በቃ። 6 ዓመት ሆናት፣ ብዙም አልነካትም። ሰሞኑን አንድ ሰው ኢሹ ከፈተና «ባዶ ስትሪንግ ስሰጣት ዜሮ ትላለች፣ ኤረር መስጠት ነበረባት» አለ። አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ ባዶ ነገር እንዴት ዜሮ ሰከንድ ይሆናል? ሁለት መስመር ቀየርኩ፣ እግረ መንገዴን የኤረር ሜሴጁን ትንሽ አሳመርኩ፣ አንድ ቴስት ጨመርኩ፣ 412ቱም ቴስት አረንጓዴ። 3.4.2 ብዬ ለቀቅኩና ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ 11 አዲስ ኢሹ ይጠብቀኛል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ስራዎችን በቀጠሮ ሚያስነሳ አንድ ስኬጁለር ፓኬጅ አለ፣ ኮንፊጉ ላይ «የመጠበቂያ ጊዜ» ሚለውን ሰው ባዶ ከተወው ባዶውን ስትሪንግ እንዳለ ለኔ ላይብረሪ ያቀብላል፣ ዜሮ ሲመለስለት «ገደብ የለውም» ብሎ ይተረጉመዋል። አሁን በዜሮ ፈንታ ቫልዩ ኤረር ሲደርሰው ገና ሲነሳ ይወድቃል። እሱ ፓኬጅ ደሞ ሌሎች 40 ምናምን ፓኬጆች ውስጥ ተሰክቷል። እኔ ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ እነሱም የኔ ላይብረሪ መኖሯን እስከዛሬ ጠዋት አያውቁም ነበር።

3.4.2ን ያንክ አርጌ (በራሷ እንዳትወርድ አግጄ) 3.4.3ን በድሮው ባህሪ አውጥቻለሁ፣ እሳቱ ጠፍቷል። ጥያቄዬ ግን ወዲህ ነው። የራሴ ቴስት ይሄን በጭራሽ ሊይዝልኝ አይችልም ነበር፣ ቴስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሚቴስተውም የኔኑ ሀሳብ ነው። ከሪሊዝ በፊት የኔን ላይብረሪ ሚጠቀሙትን ፓኬጆች ቴስት ማስኬድ ሚባል ነገር አለ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው ምታረጉት? ላንድ ሰው ሚቻል ነው?

ግሪን_ባጅ

ያንተ ጥፋት አደለም ባይ ነኝ። ዶክመንቴሽን ላይ «ባዶ ከሆነ ዜሮ» ብለህ ጽፈሃል? ካልጻፍክ ባግ ነበር፣ ባግ ማስተካከል ደሞ በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ (የቨርዥን ቁጥር አወጣጥ ደንብ) የመጨረሻዋን ቁጥር ነው ሚያስጨምረው፣ እንዳረከው ማለት ነው። ሰው ሎክ ፋይል (ቨርዥኖቹን ሚቆልፍ ፋይል) ይጠቀም፣ አለቀ።

ሌሊት_ሪሊዝ

አልጻፍኩም። ግን 11 ሰው ተሰብሮበት «ዶክመንቴሽን ላይ የለም እኮ» ልላቸው ነው?

ቀስ_በል

ግሪን ባጅ ምትለው ወረቀት ላይ ያምራል። ሃይረም ራይት ሚባል ጉግል የሰራ ኢንጂነር በስሙ ሚጠራ ህግ አለው፣ ሀሳቡ ባጭሩ፦ ተጠቃሚ ሲበዛ ቃል የገባኸውም ያልገባኸውም አንድ ይሆናል፣ ከውጭ ሚታይ ባህሪ ሁሉ የሆነ ሰው ተደግፎበታል። የኤረር ሜሴጅህ ቃላት፣ የሊስትህ ቅደም ተከተል፣ ፍጥነትህ ሳይቀር።

በ2010 የሆነውን ምታስታውሱ አላችሁ? ግሊብሲ (የሊኑክስ ዋናው የሲ ላይብረሪ) ሜምኮፒን፣ ሜሞሪ ኮፒ ሚያረገውን ፈንክሽን፣ አፈጠነ። ስታንዳርዱ «ምንጩና መድረሻው ሚደራረቡ ከሆነ ሜምኮፒ አይሆንም፣ ሜምሙቭ ተጠቀሙ» ይላል፣ ለክርክር ቦታ የለውም። ግን የፍላሽ ፕለጊን ተደራራቢ ሜሞሪ ይሰጠው ነበር፣ በድሮው ኮድ በእድል ሲሰራ ኖሮ አዲሱ ኮድ ኮፒ ሚያረግበትን አቅጣጫ ሲቀይር ፌዶራ 14 (ሊኑክስ) ላይ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ድምጹ መበላሸት ጀመረ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ የፌዶራ ባግ ትራከር ላይ ገብቶ ተከራክሯል። ፍላሽ ሚጠቀመው ሰውዬ ስታንዳርዱ ምን እንደሚል ምን አገባው፣ ትናንት ሚሰራው ዛሬ እምቢ አለው። በመጨረሻ ግሊብሲ 2.14 ላይ ለሜምኮፒ አዲስ የሲምቦል ቨርዥን ሰጡት፣ በድሮው የተገነባ ፕሮግራም የሜምሙቭን ባህሪ ያገኛል አዲስ ሚገነባው ፈጣኑን። እኔ እንደዚህ አይነት መፍትሄ ነው ሚመቸኝ፣ ማንም ሳይዋረድ ሁለቱም ወገን መንገዱን ቀጠለ።

ስለዚ ጥፋተኛ ፍለጋውን ተወውና ወደ ጥያቄህ እንግባ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ትንሽ ቆይቼ ረዘም አርጌ እጽፋለሁ አሁን ስብሰባ አለብኝ።

ዝገት_ወዳጅ

ስለ ሎክ ፋይል ግን አንድ ነገር ልበል፣ አንዳንዴ ሎክ ፋይሉ ራሱ ነው ሚሰብርህ። ረስት 1.80 በጁላይ 2024 ሲወጣ ስታንዳርድ ላይብረሪው ላይ አንድ ትሬይት ኢምፕሊሜንቴሽን ተጨመረ፣ ምንም ነገር አልጠፋም፣ መጨመር ብቻ። ግን ታይም ሚባለው ክሬት (የረስት ፓኬጅ) የድሮ ቨርዥኖች ውስጥ ኮምፓይለሩ ታይፑን ራሱ እንዲገምት የተተወ አንድ ቦታ ነበር፣ ምርጫው አንድ ብቻ ስለነበር ይገምት ነበር፣ ሁለት ሲሆንበት «አላውቅም» ብሎ ቆመ። የተስተካከለው 0.3.35 ቀድሞ ወጥቶ ነበር እኮ፣ ግን ሰው ሎክ ፋይሉ ውስጥ የድሮውን ቆልፎ ስለተቀመጠ ኮምፓይለሩን ሲያድስ ቢልዱ ወደቀ።

ረስት ደሞ ዲፔንደንት ቴስት ማድረግ የማያውቅ ሰፈር አደለም። ክሬተር ሚባል ነገር አለን፣ ክሬትስ ዶት አይኦ ላይ ያለውን ሁሉ እና ጊትሃብ ላይ የተገኘውን የረስት ፕሮጀክት በድሮውና በአዲሱ ኮምፓይለር ይገነባና ልዩነቱን ያወጣል። ቀናት ይፈጃል። በታይም ጉዳይ ላይ ክሬተር አይቶታል፣ ታውቆ ነው የታለፈው፣ ብዙ ክርክርም አስነስቷል። ቴስቱ ማየትህን ነው ሚያረጋግጥልህ፣ ካየህ በኋላ ምን ታረጋለህ ሚለው ያንተ ጣጣ ነው።

ዳታ_ፈታይ

እኔ ከአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ሰፈር ነኝ፣ እኛ ጋ ይሄ ምርጫ አደለም ግዴታ ነው 😅 ክራን (የአር ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ አዲስ ቨርዥን ስታስገባ እነሱ ራሳቸው ያንተን ፓኬጅ ሚጠቀሙትን ፓኬጆች ቼክ ያስኬዳሉ፣ የሆነ ነገር ከሰበርክ ይመልሱብሃል። ፖሊሲያቸው ላይ ደሞ ምትሰብር ከሆነ ለነዛ ፓኬጆች ሜይንቴነሮች ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድመህ አሳውቅ ይላል። መጀመሪያ ስጀምር ያንገበግበኝ ነበር፣ የማላውቀው ሰው በጻፈው አስቀያሚ ኮድ ምክንያት የኔ ሪሊዝ ይቆማል እንዴ እያልኩ። አሁን ለምጄዋለሁ፣ እንደውም ሌላ ቋንቋ ስሰራ ይሄ አለመኖሩ ያስፈራኛል።

ሪቭዴፕቼክ ሚባል ፓኬጅ አለ፣ ዋናው ብልሀቱ እያንዳንዱን ዲፔንደንት ሁለቴ ነው ሚያስኬደው፣ አንዴ ክራን ላይ ባለው ያንተ ቨርዥን አንዴ ገና ባልወጣው። ከዛ «አዲስ የተሰበሩ» ብሎ ለብቻ ያወጣልሃል። ድሮም ተሰብሮ የነበረው አይቆጠርብህም። ይሄን ካላረክ 50 ፓኬጅ ቴስት ታረግና 14ቱ ቀይ ሲሆኑ ልብህ ይወድቃል፣ ከነዛ ውስጥ 13ቱ ግን አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ቀይ ናቸው።

ጥቅል_ሰፊ

ዳታ ፈታይ ያለችው ላይ ልጨምር፣ እኔ ዴቢያን (ሊኑክስ) ላይ ፓኬጅ ነው ምሰራው። እኛ ጋ አዲስ ላይብረሪ አንስቴብል ውስጥ ይገባል፣ ወደ ቴስቲንግ ለመሻገር ግን የሱን ጥገኞች ኦቶፓኬጅቴስት (በማሽን ሚሄዱ ቴስቶች) ማለፍ አለበት። ቴስቲንግ ላይ ባለው ሁኔታ መነሻ ውጤት አለ፣ ከዛ አዲሱ ላይብረሪ ብቻ ተተክቶ ይሞከራል፣ ያልፍ የነበረ ቴስት ከወደቀ ላይብረሪው እዛው ተገትሮ ይቀራል። ድሮም ይወድቅ የነበረ አያግደውም። ከመላኬ በፊት እኔ ራሴ ቤቴ ራት ሚባለውን ቱል አስኬዳለሁ፣ በዚህ ላይብረሪ ሚገነቡትን ፓኬጆች በሙሉ እየፈለገ እንደገና ይገነባል። ስሙን ሰው ይስቅበታል ግን ብዙ ቀን ከውርደት አድኖኛል።

ሌሊት ሪሊዝ፣ አንተን ሚጠቅምህ ሀሳቡ ነው፣ ቱሉን ተወው። መነሻ ውጤት ያዝ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ልዩነቱን እይ።

ሌሊት_ሪሊዝ

ገብቶኛል፣ ግን ዴቢያንም ክራንም ሰርቨር አላቸው። እኔ አንድ ላፕቶፕ ነው ያለኝ። ፓይተን ላይ ማን እንደሚጠቀመኝ እንኳን በትክክል ሚነግረኝ የለም። ጊትሃብ «ዩዝድ ባይ» ላይ ከ300 በላይ ሪፖ ያሳየኛል ግማሹ የተማሪ ፕሮጀክት ይመስላል።

ቀስ_በል

መጣሁ። ረዥም ነው ታገሱኝ።

300ውን እርሳው። ጊትሃቡንና ላይብረሪስ ዶት አይኦን (ማን ማንን እንደሚጠቀም ሚያሳይ ሳይት) አያይዘህ ከ20 እስከ 30 ምረጥ። አመራረጡ ላይ በዳውንሎድ ብዛት ብቻ አትሂድ፣ ትላልቆቹ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው፣ ሚሰበሩት ላይብረሪህን ባላሰብከው መንገድ ሚጠቀሙት ናቸው። ኮዳቸውን ግሬፕ አርገህ ማን የትኛውን ፈንክሽን እንደሚጠራ እይ፣ ከየአይነቱ አንድ አንድ ውሰድ፣ ኤረርህን ሚይዙትን በተለይ። እና ከዚህ በፊት የሰበርከው ፓኬጅ ካለ ከሊስቱ አይወጣም፣ ለዘላለም።

ኮዳቸውን ከፒፕአይ (የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ) አታውርድ፣ እዛ ሚቀመጠው ሶርስ ላይ ቴስት ፎልደሩ ብዙ ጊዜ የለም። ጊት ክሎን አርግ፣ ግን ሜይን ብራንቹን ሳይሆን የመጨረሻውን ሪሊዝ ታግ። ሰው እጁ ላይ ያለው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ላይብረሪህን ዊል (ለመጫን የተዘጋጀ የፓይተን ፋይል) አርገህ ገንብተህ እነሱ ኤንቫይሮመንት ውስጥ ታስገባለህ፣ ቴስቱን ታስኬዳለህ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ደስ ይልሃል። ውሸት ነው። ለምን? አንዱ ቶክስ (ቴስት ማስኬጃ ቱል) ይጠቀማል፣ ቶክስ የራሱን አዲስ ኤንቫይሮመንት ሰርቶ ከፒፕአይ የድሮውን ያወርዳል፣ ያስገባኸውን አያየውም። ሌላው ሎክ ፋይል አለው። ሌላው «ከ3.5 በታች» ብሎ ጣራ አስቀምጧል፣ አንተ 3.5 ይዘህ ስትሄድ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ ጫኚው) ምንም ሳይል የድሮውን ይመርጣል። በሶስቱም ቴስት ያረከው ትናንት የለቀቅከውን ቨርዥን ነው።

ስለዚ መጀመሪያ ሆን ብለህ ስበራት። ላይብረሪህ ገና ኢምፖርት ስትደረግ ኤረር እንድትወረውር አርገህ 25ቱን አስኪዳቸው። ሁሉም ቀይ መሆን አለባቸው። አረንጓዴ የሆነ ካለ አንተን እየቴስተ አደለም። ይሄን ሳላረግ አንድ ዓመት ሙሉ «ዲፔንደንቶቼን ቴስት አረጋለሁ» እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ፣ ምንም ስቴስት እንዳልነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ለነቶክስ መፍትሄው የፒፕ ኮንስትሬይንት (የትኛው ቨርዥን እንዲጫን ሚገድብ ፋይል) በኤንቫይሮመንት ቫሪያብል መስጠት ነው፣ ውስጥ ሚፈጠሩ ኤንቫይሮመንቶች ብዙ ጊዜ ያነቡታል፣ የድሮ ቶክስ ከሆነ ግን ቫሪያብሉን እንዲያሳልፈው መንገር አለብህ። ዊሉን ደሞ ሎካል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠህ ፒፕ እዛም እንዲፈልግ ታረጋለህ። ጣራ ላለው ጣራውን በእጅህ አንስተህ ትሞክራለህ፣ ግን ማስታወሻ ያዝ፣ የሱ ተጠቃሚዎች አዲሱን ጭራሽ አያገኙትም ማለት ነው።

ባግ_ለቃሚ

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይታለፍ። የሰው ቴስት ማስኬድ ማለት የማታውቀውን ሰው ኮድ ኮምፒውተርህ ላይ ማስኬድ ነው። 25 ፓኬጅ፣ የነሱ ዲፔንደንሲዎች፣ የኢንስቶል ስክሪፕቶቻቸው። ላፕቶፕህ ላይ ሪሊዝ ምታረግበት የፒፕአይ ቶከን (የመግቢያ ቁልፍ) ቁጭ ብሎ ባዶ እጅህን አታስኪድ። ኮንቴይነር ውስጥ አርገው፣ ሆም ፎልደርህን አታገናኝ፣ ኢንስቶል ካለቀ በኋላ ኔትወርክ ዝጋ፣ የጊዜ ገደብም ስጥ። ሲአይ (ቴስትን በራሱ ሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ከሆነ ሪሊዝ ሚያወጣው ጆብ እና ይሄኛው ፍጹም አይገናኙ። ኔትወርክ መዝጋቱ ሌላም ጥቅም አለው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ሚጠሩ ቴስቶች መነሻው ላይም ስለሚወድቁ ቀድመህ ትለያቸዋለህ።

ግሪን_ባጅ

ይሄ ሁሉ ለ2 መስመር ቼንጅ? አርሲ (ለሙከራ ሚወጣ ቅድመ ሪሊዝ) ልቀቅና 2 ሳምንት ጠብቅ፣ ሚፈልግ ሰው ራሱ ይሞክር።

ጥቅል_ሰፊ

አርሲ ማን ይሞክርልሃል ወንድሜ? ፒፕ እኮ ቅድመ ሪሊዝ በራሱ አያወርድም፣ ለይተህ ካላዘዝከው። የሱን ላይብረሪ መኖሯን እንኳን የማያውቅ ሰው አርሲዋን ተከታትሎ ይሞክራል? 2 ሳምንት ጸጥ ይላል፣ ዋናው ሲወጣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጩኸት። ከዛ በኋላ ብትሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ናምፓይ (የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) 2.0 ላይ ሰርቷል፣ እሺ፣ ግን እንዴት እንደሰራ እይ። ጁን 2024 ነው የወጣው፣ ከ2006 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ቁጥር ነው፣ አርሲው ቀደም ብሎ ወጥቶ ፓኬጆቹ በዛ እየገነቡ እንዲጠብቁ ተደረገ፣ በ2.0 የተገነባ ፓኬጅ በ1.ኤክስም እንዲሰራ ተደርጎ ነበር። ከዛ በላይ ደሞ የሳይንቲፊክ ፓይተን ሰዎች በየሌሊቱ ሚገነባ ዊል ሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው፣ ትላልቅ ዲፔንደንቶች ሲአያቸው ላይ በሱ ይሞክራሉ። አርሲውን ሚሞክር ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። የኛ ጓደኛ ያ የለውም።

ከመጋረጃ_ጀርባ

እኔ ከሌላው ጎን ልናገር። ምሰራበት ቦታ ውስጥ እንደዚህ አይነት ትናንሽ ላይብረሪዎች በብዛት እንጠቀማለን፣ ኮዳችን ዝግ ነው፣ የማንም ሊስት ውስጥ የለንም። ስለዚ አንተ 25ቱን ብትሞክርም እኛን አትይዘንም፣ አልወቅስህም። እኛ ምናረገው በሳምንት አንዴ ሚነሳ ጆብ አለ፣ ሎክ ፋይሉን ጥሎ የዋና ዋና ላይብረሪዎችን ሜይን ብራንች ይዞ ቴስት ያረጋል፣ ቢወድቅ ምንም አያግድም፣ ለአንድ ሰው ሜሴጅ ይልካል ብቻ። ያንተን 3.4.2 ግን አልያዘልንም፣ ምክንያቱም ሰኞ ነው ሚነሳው፣ አንተ ኮሚት ያረከውም የለቀቅከውም በአንድ ማታ ነው 🙂 ኮሚትና ሪሊዝ መሀል ጥቂት ቀን ብታሳልፍ ለኔ ከአርሲው ይሻለኛል።

ሌላው፣ ቴስቶቻችን ግማሹ ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ ሞክ ያረጋሉ። ያንተን ፈንክሽን አውጥተው «3600 መልስ» ሚል የውሸት ነገር ይተካሉ። ቀስ በል ያለው የኢምፖርት ስበራ ላይ ቀይ ይሆናል፣ ግን ፈንክሽንህ ምንም ብትመልስ ግድ የለውም። ሁለተኛ ዙር ስበራ አርግ፣ ኢምፖርቱ ይስራና መልሷ ላይ 1 ሰከንድ ጨምርባት። ያኔ ነው በእውነት ማን እንደሚያይህ ምታውቀው።

ቀስ_በል

ይሄ ጥሩ ነው፣ እኔም አላረኩትም ነበር። የሚውቴሽን ቴስቲንግ (ኮዱን ሆን ብሎ አበላሽቶ ቴስቱ ይይዘው እንደሆን ማየት) ሀሳብ ነው ግን በሰው ቴስት ላይ።

ዳታ_ፈታይ

የድሮ ቨርዥኖችንም አትርሱ። ማርክአፕሴፍ (ጂንጃ ሚባለው የፓይተን ቴምፕሌት ላይብረሪ ሚጠቀመው ፓኬጅ) በፌብሩዋሪ 2022 2.1.0ን ሲያወጣ ሶፍት ዩኒኮድ ሚባለውን ፈንክሽን አስወገደው፣ በ2.0 ላይ ሊወገድ ነው ብሎ ዋርኒንግ ሰጥቶ ነበር። የጊዜው ጂንጃ 3 ምንም አልሆነም። የወደቁት ጂንጃ 2 ላይ ቆልፈው የተቀመጡት ናቸው፣ ጂንጃን ቆልፈዋል ማርክአፕሴፍን ግን አልቆለፉም፣ የድሮው ጂንጃ ከአዲሱ ማርክአፕሴፍ ጋር ተገናኘ። የመጨረሻ ታግ ብቻ ብትሞክር ያ አይታይህም። ስለዚ በጣም ለተስፋፋ ዲፔንደንት አንድ የድሮ ትልቅ ቨርዥንም ጨምር።

ሌሊት_ሪሊዝ

ጓዶች ብዙ ነው የሰጣችሁኝ። ቅዳሜን ለዚህ እሰዋለሁ፣ ውጤቱን ይዤ እመለሳለሁ።

ሌሊት_ሪሊዝ (ከ4 ቀን በኋላ)

ተመለስኩ። እንዲህ ሆነ።

25 መረጥኩ። 4ቱ በመነሻው በ3.4.1 እንኳን አይሰሩም፣ አንዱ ጭራሽ ኢንስቶል አይሆንም፣ ጣልኳቸው። 21 ቀረኝ። ሳላስበው አጭር መንገድ ሄጄ ስበራውን ዘልዬ መጀመሪያ ያንን የተረገመውን 3.4.2 አስኬድኩባቸው፣ ስኬጁለሩ እንደሚወድቅ አውቃለሁና ማረጋገጫ ይሆነኛል ብዬ። 21ዱም አረንጓዴ! ስኬጁለሩም አረንጓዴ!! ቀስ በልን አስታወስኩትና ኢምፖርት ላይ ሰበርኳት፣ ከ21ዱ ቀይ የሆኑት 9 ብቻ። 12ቱ የድሮውን ነበር ሚሞክሩት። ስኬጁለሩ ቶክስ ነው። ሶስቱ ሎክ ፋይል፣ ሁለቱ ጣራ፣ የቀሩት ስድስቱ ቶክስ ወይም እንደሱ ያለ ነገር። እነሱን ማስተካከል ብቻ የቅዳሜን ከሰዓት በላው። ማታ ላይ 21 ከ21 ቀይ ሆነ፣ በህይወቴ ቀይ አይቼ እንደዛ ተደስቼ አላውቅም።

ከዛ የአንድ ሰከንዱ ስበራ። ቀይ የሆኑት 14። ሰባቱ ወይ ሞክ ያረጋሉ ወይ ውጤቱን ሚያይ ቴስት የላቸውም። በነሱ አረንጓዴ ላይ አልተማመንም፣ ኮዳቸውን በዓይኔ አነበብኩት፣ አጫጭር ስለሆኑ።

አሁን እውነተኛው 3.4.2። ሶስት አዲስ ቀይ። ስኬጁለሩ፣ እሱ የታወቀ ነው። ሁለተኛው የኮንፊግ ማረጋገጫ ፓኬጅ ነው፣ ይሄኛው አስደነገጠኝ፣ ማንም ኢሹ አልከፈተበትም ነበር። የኤረር ሜሴጄ ድሮ «የማይነበብ ርዝመት፦» ብሎ ከሁለት ነጥቡ በኋላ የተሳሳተውን ቃል ያስከትላል። ያቺን «ማሳመር» ሳረግ ሁለት ነጥቡን በሰረዝ ቀየርኩት። ፓኬጁ ሜሴጄን በሁለት ነጥብ ሰንጥቆ ሁለተኛውን ቁራጭ ነው ለተጠቃሚው ሚያሳየው፣ ሰረዝ ሲሆን ሁለተኛ ቁራጭ የለም፣ ኢንዴክስ ኤረር። የሰው ኮንፊግ ሲሳሳት ብቻ ሚታይ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነበር ሚፈነዳው። አንድ ሰረዝ እኮ ነው!

ሶስተኛው ባግ አልነበረም። አምስቴ ስደጋግመው በድሮውም ሁለቴ ይወድቃል፣ የሰዓት ጥገኛ ቴስት ነው፣ ዋዣቂ። ከአሁን በኋላ ቀይ ሁሉ ቢያንስ ሶስቴ ይደገማል በሁለቱም ቨርዥን።

አጠቃላይ አሁን ስክሪፕት ስለሆነ 38 ደቂቃ ነው ሚፈጀው፣ ኮንቴይነር ውስጥ፣ ቶከን የለም ኔትወርክ የለም (ባግ ለቃሚ እንዳትጨነቅ)።

ዝገት_ወዳጅ

አሪፍ። እና ምን ልታረግ ነው? ባዶውን ነገር ማለቴ ነው።

ሌሊት_ሪሊዝ

ሁለት ነጥቡን መለስኩት፣ ለኤክሴፕሽኑ ደሞ የተሳሳተውን ቃል ለብቻው ሚይዝ አትሪቢዩት ጨመርኩለት፣ ለኮንፊጉ ፓኬጅ በሱ እንዲጠቀም ፑል ሪኩዌስት ላኩ። ባዶውን 3.5.0 ላይ ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ ሰጥቼ 4.0 ላይ ኤረር ላረገው አሰብኩ። ዋርኒንጉን ጨምሬ 21ዱን እንደገና ሳስኬድ አዲስ ቀይ መጣ፣ አንዱ ፓይቴስቱ ላይ ዋርኒንግን ሁሉ ኤረር አርጎ ነው ያስቀመጠው። ይሄ ተሰበረ ይባላል?

ቀስ_በል

አይባልም። እሱ ዋርኒንግ ሲመጣ ንገሩኝ ብሎ ነው እንደዛ ያረገው፣ ነገርከው። የሱ ተጠቃሚዎች ጋ ምንም አይደርስም። ኢሹ ክፈትለትና ቀጥል።

ጥቅል_ሰፊ

እኛ ጋ ግን ያግድሃል 😀 ኦቶፓኬጅቴስቱ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ለምን እንደሆነ ማሽኑ አይጠይቅም። ቀድመህ ብትነግረው ለሁላችንም ይቀላል።

ሌሊት_ሪሊዝ (በማግስቱ)

በሉ ስሙ። ለስኬጁለሩ ሜይንቴነር በጨዋ ደንብ ጻፍኩለት፣ «ባዶ ስትሪንግ አታቀብል፣ ዶክመንት ያልተደረገ ባህሪ ነው፣ ፑል ሪኩዌስት ይኸውልህ» ብዬ። ሰውዬው በጣም ትሁት ነው፣ አመሰገነኝና አንድ ሊንክ ላከልኝ። ከ5 ዓመት በፊት የኔው ሪፖ ላይ እሱ ራሱ የከፈተው የተዘጋ ኢሹ። «ተጠቃሚ ምንም ካልሞላ ምን ላረግ?» ብሎ ጠይቋል። መልሱ የኔ ነው፣ በኔ ስም፦ «ችግር የለም፣ ባዶውን ዝም ብለህ ስጣት፣ ዜሮ ትመልስልሃለች።» አውራ ጣት ኢሞጂም አለው።

አላስታውሰውም። ግን የኔ እጅ ነው።

ዳታ_ፈታይ

😂😂😂 ኧረ ጉድ

ግሪን_ባጅ

ቆይ፣ የተዘጋ ኢሹ ዶክመንቴሽን ነው እንዴ?

ሌሊት_ሪሊዝ

ለሱ ነበር። ዋርኒንጉን አጥፍቼዋለሁ። ባዶ ዜሮ ሆኖ ይቀጥላል፣ ዶክመንቴሽኑ ላይ አንድ መስመር ገባች፣ ኤረር ለሚፈልገው ልጅ ደሞ «ስትሪክት» ሚል ፓራሜትር ጨመርኩለት። 21ዱ እየሄዱ ነው፣ አሁን 17ኛው ላይ ደርሰዋል፣ ካለፉ ነገ ጠዋት ነው ምለቀው፣ ማታ አደለም።

ከመጋረጃ_ጀርባ

እስከ ሰኞ ብትጠብቀኝስ?

ሌሊት_ሪሊዝ

እሺ ማክሰኞ።